የምክር ዓምድ፦ «የፎቶ ክለብ ዳኛ ሁኚ አሉኝ፣ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

የደረሰን ደብዳቤ (ትንሽ አሳጥረነዋል)፦

«ሰላም ለናንተ ይሁን። ለንደን ነው ምኖረው፣ ነርስ ነኝ፣ 59 ዓመቴ ነው። ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት አዲስ አበባ እያለሁ፣ ወንድሜ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ባመጣልኝ ዘኒት ካሜራ ነው፣ ከዛ ወዲህ አላቆምኩም። ልጆቼ ካደጉ በኋላ ሰፈራችን ያለ የፎቶ ክለብ ገባሁ፣ አሁን ኮሚቴ ነኝ፣ ሻይ ከማፍላት ጀምሮ ፕሮጀክተር እስከ መግጠም ያልሠራሁት የለም። ባለፈው የዳኞች ሥልጠና ወሰድኩና አሁን አንድ ሌላ ክለብ መጥተሽ ውድድራችንን ዳኚልን አለኝ። ፈራሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል እንጂ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬበት አላውቅም። የሰው ሥራ ባለቤቱ ፊት መንቀፍ ደሞ አላደግኩበትም። እዛ ክለብ ውስጥ አንድ ጓደኛዬ አለች፣ የሷ ፎቶ ቢመጣስ? ኢትዮጵያ ሄደው ያነሱትን ይዘው ሲመጡስ ምን ልበል? እኔ ራሴ ክለብ በገባሁ ዓመት የአክስቴን ፎቶ አቅርቤ ዳኛው ‹ፊቷ ጨልሟል› ብሎ ከ20 14 ሰጥቶኝ እስካሁን አልወጣልኝም። ባለቤቴ ‹ክፍያ ለሌለው ነገር ምን አስጨነቀሽ› ይላል። ልሂድ? ከሄድኩስ የሐበሻ ቀሚስ ልልበስ? — ዘኒቷ ነኝ»

ሰላም እትዬ ዘኒት፣ ስም ስላልሰጡን በዚሁ እንጥራዎት።

ይሂዱ። መልሱ ይሄው ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንዴት እንደሚሄዱ ነው። አንድ ክለብ ዳኛ ሲጠራ የፎቶ ክለቦቹን ፌዴሬሽን የዳኞች ዝርዝር አይቶ፣ የሌላ ክለብ ሰው አጠያይቆ ነው ሚጠራው፣ እቺን ሴትዮ እስቲ ደስ ይበላት ብሎ የውድድር ማታውን አሳልፎ ሚሰጥ ሴክሬታሪ የለም፣ ዳኛው መጥፎ ከሆነ በማግስቱ ኢሜይል ሚጎርፈው እሱ ላይ ነዋ። ስለዚህ «ይገባኛል ወይ» ሚለውን ጥያቄ እነሱ መልሰውልዎታል፣ እርሶ ደግመው አይጠይቁት።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። ክለብ ውስጥ ዓመታት ስለቆዩ ያውቁታል፣ ግን ወንበሩ ሲቀየር ይረሳልና ልበለው። እዛ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ በዝናብ ከሥራ ወጥቶ እራቱን ሳይበላ የመጣ ሰው፣ ከዳኛው ሚፈልገው ከነጥቡ በፊት አንድ ነገር ነው፦ ፎቶዬን አይቶልኛል ወይ? በቃ። 20 ተሰጥቶት ዳኛው ሌላ ነገር ሲቀባጥር የሰማ ሰው ተናዶ ነው ቤቱ ሚገባው፣ 15 ተሰጥቶት ግን «ግራ ጥግ ላይ ያለችውን ውሻ ሆን ብለህ ነው የጠበቅካት አይደል» የተባለ ሰው በሚቀጥለው ወር ሦስት ፎቶ ይዞ ይመጣል። ችግሩ ብዙ ዳኛ ፎቶ አያይም፣ ህግ ነው ሚያየው። ዋናው ነገር ሦስተኛው መስመር ላይ (ፎቶው በቁመትም በወርድም ሦስት እኩል ቦታ ሲከፈል ሚወጣው መስመር ላይ) አልተቀመጠም፣ አበባዎቹ ሦስት መሆን ሲገባቸው አራት ሆኑ፣ ጥጉ ላይ ብርሃን አለ ዓይን ይስባል ምናምን። ይሄ የሦስተኛው መስመር ህግ ሚባለው እኮ በጽሑፍ የወጣው በፈረንጆቹ 1797 ነው፣ አንድ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ስለ ገጠር ሥዕል ሲጽፍ ያነሳው ሐሳብ ነው፣ ፎቶግራፍ ራሱ ለዓለም ይፋ የሆነው ደሞ በ1839! ጠቃሚ ነው አልጠላውም፣ ግን ሰው ፎቶውን ሳያይ በማስመሪያ ሲለካው ያናድደኛል። ደሞ አዲስ ነገር እንዳይመስልዎት፣ እንግሊዝ አገር የፎቶ ሰዎች በዳኝነትና በጣዕም መጣላት ከጀመሩ ቆይተዋል፣ በ1892 እኮ የተወሰኑት ከዋናው ማኅበር ተገንጥለው ሊንክድ ሪንግ ሚባል የራሳቸውን ቡድን አቋቁመዋል፣ ጥበብ ነው ወይስ ሳይንስ እየተባባሉ። ዋናው ማኅበር በ1853 የተመሠረተው ነው፣ ዛሬ ሮያል ፎቶግራፊክ ሶሳይቲ ምንለው። እና አንድ ማታ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰባ ሰው ከርሶ ጋር ባይስማማ አገር አይፈርስም።

«ባለቤቱ ፊት መንቀፍ አላደግኩበትም» ያሉት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ጋ ነው የኛ ሰው ሚቸገረው። ሁለት ዓይነት ሐበሻ ዳኛ አለ። አንደኛው ማንንም ላለማስቀየም ለሁሉም 17 ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ከዛ ምርጡን ያነሳው ልጅ «እኔና ያ ስልኩን አንቀጥቅጦ ያነሳው ሰውዬ እኩል ነን?» ብሎ ክለቡን ይተዋል። ሁለተኛው ደሞ አለሰልስም ብሎ ቆርጦ የተነሳ ነው፣ ፈረንጁን እንደሚፈራ እንዳይመስል ይገነፍላል። ሁለቱም ስለራሳቸው እንጂ ስለ ፎቶው አያስቡም።

እርሶ ግን ነርስ ኖት! ይሄን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ይሄ ነው። ሺፍት ሲቀየር ታካሚ ሲያስረክቡ በኤስባር ነው አይደል ምትናገሩት፦ ሁኔታው ምንድነው፣ ከጀርባው ምን አለ፣ እኔ ምን አየሁበት፣ ምን ይደረግ። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው እንኳን አንድ ደቂቃ ውስጥ ምንም ሳይረሳ ያስረክብበታል። ለፎቶም ይሄው ነው። «ገበያ ላይ ሽማግሌ ሰው፣ ከጎን የመጣ ብርሃን ነው፣ እጁ ላይ ያለው ሸካራነት በጣም ግሩም ሆኖ ወጥቷል፣ እኔን የረበሸኝ ከጀርባው ያለው ቀይ ፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ፎቶ አንሺው አንድ እርምጃ ወደ ግራ ቢሄድ ኖሮ ሰውየው ራሱ ይሸፍነው ነበር።» አለቀ። ማንም አልተሰደበም፣ ልብ ይበሉ፣ «አንተ» እንኳን አላልንም፣ ያወራነው ስለ ፎቶው ነው። ነቀፌታው ደሞ ሊሠራበት ሚችል ነገር ነው፣ ሚቀጥለው ጊዜ አንድ እርምጃ መሄድ ማንም ይችላል። «ስሜት አይሰጥም» ሚባል ነገር ግን እባክዎ ይተውት፣ ሰውየው ቤቱ ሄዶ ስሜት ከየት ያምጣ?

ሰዓቱንም ያስቡት። 70 ፎቶ ቢሆንና ሻዩን ቀንሰው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቢኖርዎት ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳን አይደርስም። በፕሮጀክተር ሚታዩትን ፋይሎች ብዙ ጊዜ ቀድመው ይልኩልዎታል፣ እነሱን ቤት ቁጭ ብለው ይዩ፣ ሁለት ቀን ለያይተው ቢያዩ ይሻላል ምክንያቱም ሌሊት ሥራ አድሮ የመጣ ዓይን ሁሉም ነገር ግራጫ ነው ሚሆንበት። በየፎቶው አንድ መስመር ይጻፉ፣ ንግግር አይጻፉ፣ ካነበቡት ቀና ብለው አያዩም። ስክሪንዎን ካሊብሬት ያድርጉ፣ ማለት ቀለሙንና ብርሃኑን በመሣሪያ ያስተካክሉ፣ ክለቡ ውስጥ መሣሪያው ያለው ሰው አይጠፋም፣ ይዋሱት። የታተሙት ግን ማታውኑ ነው ሚያዩዋቸው፣ 50 በ40 ሳንቲሜትር ካርቶን ላይ ተለጥፈው መብራት ስር ይቆሙልዎታል፣ ሳይጀመር ቀደም ብለው ደርሰው አንዴ ዞር ዞር ብለው ይያቸው፣ ቀርበው የወረቀቱን ዓይነት ሁሉ ይዩ፣ ማተም ትልቅ ልፋት ነው፣ ዳኛ ከሦስት ሜትር ቆሞ «ጥሩ ነው» ሲል ሰው ያማል።

ነጥቡን በተመለከተ፣ ወረቀት ላይ ከ20 ይባላል እንጂ ከ13 በታች ሚሰጥ ዳኛ እኔ አላየሁም፣ በተግባር ያለዎት ከ13 እስከ 20 ነው፣ ስለዚህ አንዷ ነጥብ ከባድ ናት። መጀመሪያ ለሚመጣው ፎቶ 19 ቢሰጡ ማታውን ሙሉ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ለዛ ነው ጥሩ ጥሩዎቹን ነጥብ ሳይሰጡ ወደ ጎን ማስቀመጥ የተለመደው፣ መጨረሻ ላይ አሰልፈው ይመርጣሉ። ብዙ አያስቀምጡ ግን፣ ግማሹን አስቀምጠው መጨረሻ ላይ 30 ፎቶ እንደገና ሚጀምሩ ዳኞች አሉ፣ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ነው ሚረግምዎት።

የአክስትዎ ፎቶ። ነጭ ነጠላ ለብሰው ነበር አይደል? አልጻፉትም ግን ልቤ እንደዛ አለኝ፣ የኛ አክስቶች ፎቶ ሲባል መቼም ነጠላ ሳያደርጉ አይቀመጡም። ከሆነ እንግዲህ በፎቶ ውስጥ ከባድ ሚባለውን ፈተና ነው ያነሱት። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ያ 18 ፐርሰንት ሚባለውን ነው ለማድረግ ሚሞክረው፣ ነጠላ ሲበዛበት ነጩን ያጨልማል፣ ፊትንም አብሮ ይወስደዋል። የነጠላው ሽመና እንዲታይ ብለው ሆነ ብለው ዝቅ አድርገውት ከሆነ ደሞ ልክ ኖት፣ ፊቱን በአንድ ስቶፕ፣ ማለት ብርሃኑን እጥፍ አድርገው፣ ብድግ ቢያደርጉት ነጠላው ነጭ ግድግዳ ይሆን ነበር። በዛ ላይ ዳኛው ዓይኑ የለመደው ነገር አለ። ኮዳክ ለስንት ዓመት ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን ሚያስተካክሉበት ካርድ ሸርሊ ይባል ነበር፣ ላዩ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፣ የሷ ቆዳ ካማረ ሁሉም አማረ ማለት ነው። ኋላ ላይ ፊልሙ ለቡናማ ቀለም ሲሻሻል እንኳን፣ ድርጅቱ ውስጥ የነበሩ ሰዎች እንደተናገሩት፣ መጀመሪያ ያማረሩት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ፋብሪካዎች ናቸው፣ እኛ አይደለንም! አንሴል አዳምስና ፍሬድ አርቸር ሚባሉ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺዎች በ1940 አካባቢ ባወጡት ዞን ሲስተም፣ ከድፍን ጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ብርሃን በቁጥር ደረጃ በሚከፋፍለው ዘዴ ደሞ የነጭ ሰው ቆዳ ዞን ስድስት ነው፣ ጠቆር ያለው ከዛ ዝቅ ይላል፣ ማለትም ጠይም ፊት ከነጭ ፊት ጨለም ብሎ ቢታተም ስህተት ሳይሆን ልክነቱ ነው። ያ ዳኛ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ዓይኑ ዞን ስድስት ላይ ቆሞ ነው።

ግን አደራ፣ አሁን ሂሳብ ማወራረጃ አያድርጉት። ጠይም ፊት ያለበት ሁሉ ጥሩ ተነሥቷል ማለት አይደለም፣ በእውነት የጨለመም አለ። መለያው ቀላል ነው፣ ጥላው ውስጥ ዝርዝር አለ ወይ? ጉንጩ ላይ ብርሃኑ ሲዞር ይታያል ወይ? ካለ ጨለማ አይደለም፣ ቀለም ነው። ይሄን ጮክ ብለው አንዴ ቢያስረዷቸው እዛ ያሉት ሰዎች ከነጥቡ በላይ ይዘውት ሚሄዱት ነገር ይሆናል።

ኢትዮጵያ ሄደው ያነሱት ይመጣል ያሉት፣ በደንብ ይመጣል። የእንግሊዝ ክለብ ውስጥ ከኦሞ ሸለቆ ፊቱን ነጭ የተቀባ ልጅ፣ አበባ ጭንቅላቱ ላይ የደፋ የሱርማ ልጅ፣ ላሊበላ በገና ማታ ጧፍ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ፣ ሐረር ጅብ ሚያበላው ሰውዬ ያልታየበት ዓመት ያለ አይመስለኝም። እርሶ የዛ አገር ሰው ስለሆኑ አዳራሹ ዞሮ ያይዎታል፣ ምን ትል ይሆን ብሎ። ሁለት ነገር ልምከርዎት። አንደኛ፣ ናፍቆት ነጥብ አይሰጥም። ላሊበላን ሲያዩ ሆድዎ ቢባባም ፎቶው ጠማማ ከሆነ ጠማማ ነው። የአውሮፕላን ትኬትም ነጥብ የለውም፣ ሰውየው አምስት ሺህ ፓውንድ አውጥቶ የሄደበት ፎቶ በኩሽናው መስኮት እንቁላል ካነሳችው ሴትዮ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ እርሶ ሚያውቁትን ሌላው ዳኛ አያውቅም፣ ይጠቀሙበት። ጭላዳ ሰሜን ተራሮች ላይ ሰው አይፈራም፣ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ታነሳዋለህ፣ ስለዚህ ፊቱ ፍሬሙን ስለሞላ ብቻ አይደነቁ፣ ምን እያደረገ ነው ሚለውን ይዩ። ቀይ ቀበሮ ከሆነ ግን፣ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 እንኳን ሚሞሉ አይደሉም፣ ሳነቴ ላይ በብርድ ስንት ሰዓት የጠበቀ ሰው ነው፣ ልፋቱን ይጥቀሱለት፣ ነጥቡን ግን አሁንም ለፎቶው ይስጡ። የሐረሩ ጅብ ኔቸር (ተፈጥሮ) ምድብ ውስጥ ከቀረበ ሥጋ ሚያጎርሰው ሰውዬ ፍሬሙ ውስጥ ስላለ ለኔቸር ህጉ አይመችም፣ ትራቭል (ጉዞ) ምድብ ውስጥ ቢሆን ችግር የለውም፣ ይሄን መጀመሪያ ለሴክሬታሪው ቀስ ብለው ይጠይቁ፣ መድረክ ላይ ሰው ማባረር የርሶ ሥራ አይደለም።

ኦሞ ሸለቆ ሲመጣ ትንሽ ይከብዳል። እዛ ለፎቶ እንደሚከፈል፣ ብዙ ጊዜ በጭንቅላት ተቆጥሮ፣ ቱሪስት ሲመጣ ለካሜራው ተብሎ እንደሚቀባ ያውቃሉ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግን «ኦሪጅናል አፍሪካ» ብሎ ነው ሚያየው። ስብከት አይስበኩ፣ እንግዳ ኖት፣ ደሞ ያነሳው ሰው ከፍሎ በክብር ነው ያነሳው። እኔ ብሆን እንዲህ ነው ምለው፦ «ቀለሙ ግሩም ነው፣ ፊቱ ላይ ግን ልጁ ፎቶ ለመነሳት እንደቆመ ይታየኛል፣ ካሜራው ሲወርድ ምን ያደርግ እንደነበር ባይ ደስ ይለኝ ነበር።» ይሄ ስለ ፎቶው ነው፣ እውነትም ነው፣ የገባው ይገባዋል። በሻይ ሰዓት መጥቶ ሚጠይቅ ካለ ደሞ የአገራችን ልጆች ራሳችንን እንዴት እንደሚያነሱ ይንገሩት፣ አዲስ ፎቶ ፌስትን፣ በፈረንጆቹ 2010 ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ አዲስ አበባ የጀመረችውን የፎቶ ፌስቲቫል፣ ስሙን ጻፍልኝ ሚል አይጠፋም።

ጓደኛዎን በተመለከተ ረጅም ነገር አያስፈልገውም። ቀድመው ለውድድር ሴክሬታሪው «እገሊትን አውቃታለሁ» ብለው ይጻፉ፣ እሱ ይወስናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም ይልዎታል፣ ፎቶዎቹ ያለ ስም ነው ሚመጡት። ፎቶዋን ካወቁት፣ ማወቅዎ አይቀርም፣ የኛ ሰው ሚሠራው ስህተት መጨመር አይደለም መቀነስ ነው። አዳላች እንዳይሉኝ ብሎ የዘመዱን ልጅ ሚጥል አስተማሪ አልነበረም እንዴ ትምህርት ቤታችን? እንደዛ አይሁኑ። 18 ከሆነ 18 ነው። ለሷም ቀድመው «ዳኛ ሆኜ መምጣቴ ነው፣ ምን እንዳስገባሽ እንዳትነግሪኝ» ይበሏት።

እንግሊዝኛ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ስክሪኑን እያየ እርሶን አያይዎትም፣ ድምጽዎን ነው ሚሰማው። ቀስ ይበሉ። አረጋውያን ስለሚበዙ ቀስ ሲሉ ያመሰግንዎታል፣ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገው ሁሉ ይባርክዎታል። አጭር ዓረፍተ ነገር። ማያውቁት ዘዴ ከመጣ፣ ለምሳሌ ብዙ ፎቶ ተደራርቦ የተሠራ ነገር፣ «እንዴት እንደተሠራ አላውቅም፣ ሚታየኝ ግን ይሄ ነው» ይበሉ። ይሄን ሚል ዳኛ ክለብ ውስጥ ደግሞ ይጠራል፣ ሁሉን አውቃለሁ ሚለው ነው ማይጠራው። ኤአይ ይመስለኛል ብለው የጠረጠሩት ካለም እዛው አይናገሩ፣ ህጉ ሁሉም ነገር የባለቤቱ ሥራ ይሁን ይላል፣ ግን ማጣራቱ የክለቡ ነው።

ባለቤትዎ ልክ ናቸው፣ ክፍያ የለውም፣ የነዳጅ ወይም የባቡር ብር ነው ሚሰጥዎት፣ ከተገኘም ብስኩት። ግን እትዬ ዘኒት፣ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ለፊልም፣ ለማሳጠቢያ፣ ለሌንስ ያወጡትን ቢደምሩት ክፍያ ሚባለው ነገር ድሮ ነው ከቤታችሁ የወጣው፣ እሳቸውም ይሄን ሳያውቁ አይቀሩም፣ ምናልባት «ማታ ብቻዬን ልቀመጥ ነው?» ማለታቸው ከሆነ ይዘዋቸው ይሂዱ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እንግዳ ሲመጣ ክለብ ደስ ይለዋል። ማታ ባቡር ውስጥ «ያ ድመት ለምን 20 አገኘ» ብለው ሚከራከሩዎት እሳቸው ናቸው፣ ይዘጋጁ።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር፣ ዳኛ ከሆኑ በኋላ ካሜራውን እንዳያስቀምጡ። ሲዳኙ ውለው ሲዳኙ አድረው የራሳቸውን ማስገባት ሚያፍሩ ሰዎች አሉ፣ ዳኛው 13 ቢሰጠኝስ ብለው። ያስገቡ። 13 ይስጥዎት።

የሐበሻ ቀሚሱ ነገር። በጣም ያምርብዎታል አልጠራጠርም፣ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ነጭ ልብስ ብርሃን ይመልሳል፣ የታተመ ፎቶ አጠገብ ነጭ ለብሰው ሲቆሙ ወረቀቱ ላይ ነጸብራቅ ይወድቃል፣ በተለይ አንጸባራቂ ወረቀት ከሆነ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ መስሎ ይታይዎታል፣ እና ሰውየው ሳያጠፋ «ጥቁሩ ደከመ» ሊሉት ነው። ጥቁር ወይም ግራጫ ሹራብ ያድርጉ፣ መነጽርዎን ሁለቱንም ይያዙ፣ የሩቁንም የቅርቡንም። ቀሚሱን ለክለቡ የዓመት መጨረሻ እራት ያቆዩት፣ እዛ ፎቶ ሚነሱት እርሶ ኖት።